ከለገሃር እስከ አፍሪካ አዳራሽ

ከአዲስ አበባ ስታዲየም ብዙም የማይርቀው ለገሃር እ.ኤ.አ. በ1917 የጅቡቲን ባቡር ሲቀበል በከተማው የገነነው የፈረንጅ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ባቡሩም ይበልጥ አጸናው።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ሚዛኑ ተገለበጠ፤ እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ ሆነ። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ተቋቋመ፤ መቀመጫው አፍሪካ አዳራሽም በ1961 ተመረቀ። በካዛንቺስ አካባቢ እንግሊዝኛ የእንጀራ ጉዳይ መሆን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ የፒስ ኮር ወጣት አሜሪካውያን መምህራን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገቡ።

እንግሊዝኛ የሚማረውን አማርኛ ተናጋሪ የሚፈትነው የአሁን ጊዜ ግሥ ነው። አማርኛ “እሄዳለሁ” ሲል የዘወትሩንም የነገውንም ይይዛል፤ ስለዚህ ብዙ ጀማሪ “ቱሞሮው አይ ጎ” ይላል። “እየሄድኩ ነው” ግን ከ“አይ አም ጎይንግ” ጋር ስለሚገጥም በቶሎ ይለመዳል። መምህር ከዚህ ቢጀምር ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ይቅርታ መጠየቅ የበለጠ ስስ ነገር ነው። በታክሲ ውስጥ ሰው አልፎ ለመውረድም፣ እግር ረግጦም “ይቅርታ” ይባላል። እንግሊዝኛ ግን ለመጀመሪያው “ኤክስኪዩዝ ሚ”፣ ለሁለተኛው “ሶሪ” ይላል። በዚያ ላይ ለእኩያ “ይቅርታ አድርግልኝ”፣ ለታላቅ “ይቅርታ ያድርጉልኝ” ማለት የለመደ ሰው፣ ሁሉን በ“ዩ” መጥራት ድፍረት ይመስለዋል። አክብሮቱ በ“ኩድ ዩ” እና በ“ዉድ ዩ” እንደሚገለጽ እስኪያውቅ ድረስ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ “ሰር” ይጨምራል።