የኦስቲን መንደርደሪያ ክስተት (2023 እ.ኤ.አ.)

የኦስቲን መንደርደሪያ ክስተት በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት በኦስቲን-በርግስትሮም ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ፣ ጥር 27 ቀን 2015 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.) ሁለት አውሮፕላኖች ከመጋጨት ለጥቂት የተረፉበት ክስተት ነው። በሁለቱ ላይ 131 ሰዎች ተሳፍረው ነበር፤ የተጎዳ የለም።

በዚያ ጧት አየር ማረፊያውን ጥቅጥቅ ያለ ጉም ሸፍኖት ስለነበር መንደርደሪያው ከመቆጣጠሪያ ማማው አይታይም ነበር። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው የፌዴክስ ዕቃ ጫኝ ቦይንግ 767 እንዲያርፍ ፈቀደ። ቀጥሎም አንድ የሳውዝዌስት ቦይንግ 737 ከዚያው መንደርደሪያ እንዲነሣ ፈቀደ፤ የመጀመሪያው ሳይደርስ ሁለተኛው ይሄዳል ብሎ ገምቶ ነበር። ነገር ግን 737ቱ ሞተሮቹን ለመፈተሽ መንደርደሪያው ላይ ጥቂት ቆየ፤ አብራሪዎቹም ይህን ለተቆጣጣሪው አስቀድመው አልነገሩም። የፌዴክስ አብራሪዎች ሊያርፉ ሲሉ መብራቱን በጉሙ ውስጥ አይተው ማረፉን ተዉና ወደ ላይ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ በሁለቱ መካከል የነበረው ከፍታ ከ200 ጫማ (60 ሜትር ገደማ) ያነሰ ነበር።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2024 እ.ኤ.አ. ዘገባው የተቆጣጣሪውን የተሳሳተ ግምት ዋና ምክንያት አድርጎታል። አየር ማረፊያው በምድር ላይ ያሉትን አውሮፕላኖች የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረውም፤ ስለዚህ ስህተቱን ያስቀረው የአብራሪዎቹ ንቃት ነው።