ከመቅደላ የሄደው ቅርስና የቤተ መዘክር ሥርዐት

ቤተ መዘክር ይሰበስባል፤ የሰበሰበውን በየወገኑ ይለያል፤ የለየውንም ለሕዝብ ያሳያል። ተመልካች የሚያየው የመጨረሻውን ብቻ ስለሆነ፥ የፊተኞቹ ሥራዎች በሚታየው ነገር ላይ ምን ያህል እንደሚሠለጥኑ ለማስረዳት ከመቅደላ የተወሰደውን ቅርስ እንመለከታለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። የተዘረፈውም ሀብት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። ከገዥዎቹም አንዱ፥ ምናልባትም ዋነኛው፥ ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪታንያ ቤተ መዘክር ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። ይሁን እንጂ ፍርዳችን እንዳያዳላ አንድ ነገር መጨመር ይገባናል፤ ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹን ንጉሡ ራሳቸው ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ብለው ከጎንደር አድባራት ያስመጧቸው ነበሩ።

ወደ ቤተ መዘክሩ የገቡት 350 ያህል የብራና መጻሕፍት በጽሑፍ ክፍል ተቀመጡ። ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅም በ1877 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው ዝርዝር እንደየይዘታቸው ለያቸው። ሥራው ለተመራማሪ እጅግ የጠቀመ ነውና አናቃልለውም። ነገር ግን በብዙዎቹ ኅዳግ የርስትና የጉልት ውል ተጽፎ ነበርና፥ ለደብሩ የመሬት መዝገብ የነበረው መጽሐፍ በለንደን መደርደሪያ ወንጌል ብቻ ሆኖ ተቈጠረ።

ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥትና ኵርዐተ ርእሱ የተባለው ሥዕል እንዲመለሱ ለእንግሊዝ መንግሥት ጻፉ። ቤተ መዘክሩም የክብረ ነገሥቱን አንድ ቅጅ መለሰ። ሥዕሉ ግን አልተገኘም ተባለ፤ ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ነበርና በቤተ መዘክሩ መዝገብ አልገባም።

ከዘውዶቹ በወርቅ የተለበጠው የብር ዘውድ፥ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ለንደንን በጐበኙበት ዘመን ለንግሥት ዘውዲቱ ተመለሰ። ከእርሱ የሚበልጠው የወርቅ ዘውድ በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ቀረ። ይህ ቤተ መዘክር የተመሠረተው የእጅ ጥበብን ለማስተማር ነውና፥ ዘውዱን በዚያ ያየ ሰው አስቀድሞ የሚያደንቀው የአንጥረኛውን ጥበብ ነው፤ በመቅደላ ግን የመንግሥትና የመቅደስ ክብር ነበረ። በ2010 ዓ.ም. ዘረፋው 150 ዓመት ሲሞላው ግን ቤተ መዘክሩ ዕቃዎቹን ከመቅደላ ታሪክ ጋር አያይዞ አሳየ፤ ሹሙም በረዥም ጊዜ ውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊሄዱ እንደሚችሉ ተናገረ። የገዛ ንብረትን ተውሶ መቀበል ለኛ የሚከብድ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የታቦታቱ ነገር ነው። በብሪታንያ ቤተ መዘክር ያሉት 11 ታቦታት፥ አብዛኞቹ ከመቅደላ የሄዱ፥ ለሕዝብ አይታዩም፤ ሠራተኞቹም እንኳ አያዩአቸውም፤ የሚፈቀድላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ካህናት ብቻ ናቸው። ሥርዐታችን መከበሩን እናመሰግናለን። ነገር ግን ማንም እንዳያየው፥ ማንም እንዳያጠናው የተዘጋበትን ነገር ቤተ መዘክር ለምን ይጠብቀዋል? ለዚህ ጥያቄ የሚበቃ መልስ እስካሁን አልሰማንም።

በስኮትላንድ ኤዲንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቍም ሣጥን ውስጥ የተገኘው ሌላው የመቅደላ ታቦት በ1994 ዓ.ም. ተመልሷል። አዲስ አበባ ሲገባም እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበለው፤ ታቦቱ ግን እንደ ሥርዐቱ ተሸፍኖ ነበርና ከሕዝቡ ያየው አልነበረም።