ተማሪው የት ይደር?

ከእንጦጦ ራጉኤል ደጅ ተነሥታችሁ በባሕር ዛፉ መካከል ቁልቁል ብትወርዱ መንገዱ በሽሮ ሜዳ አልፎ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያደርሳችኋል። በሽሮ ሜዳም ሆነ ወደ የካ በኩል በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በየጓሮው የሚከራዩ ጠባብ ክፍሎች አሉ። ከእናንተም መካከል «ዶርሙን ለቅቄ ከጓደኞቼ ጋር ልከራይ?» እያለ የሚያስብ አይጠፋም። ወላጅ አንድ ነገር ይላል፣ ጓደኛ ሌላ ይላል። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ተማሪ የት ማደር እንዳለበት ማን ሲወስን እንደ ኖረ፣ ለምንስ እንደ ወሰነ ብታውቁ ይጠቅማችኋል።

ከዘመናዊው ኮሌጅ በፊት በአገራችን የነበረው ልማድ የታወቀ ነው። የቆሎ ተማሪ እናት አባቱ ቤት ተቀምጦ አይማርም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ የኔታ ወዳሉበት ደብር ይሄዳል። ከባልንጀሮቹ ጋር ጎጆ ይቀልሳል፤ ውሻ እየተከላከለ በየመንደሩ ለምኖ ያገኘውን ቁራሽ ይካፈላል። ኑሮው መራራ ነበር፤ በሽታና ረኃብ የቀጠፋቸው ብዙ ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጎጆውን የሠራው ራሱ፣ ቀለቡን የሚሰጠው መንደርተኛው ስለ ነበረ፣ ትምህርቱ ወይም መምህሩ ካልተስማማው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ደብር ይሻገራል። አልጋውን ይዞ የሚያስፈራራው ሰው አልነበረም።

በመጽሐፍ ቅዱስም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 የነቢያት ልጆች የሚኖሩበት ስፍራ ስለ ጠበባቸው ወደ ዮርዳኖስ ወርደው ማደሪያ ለመሥራት ኤልሳዕን ፈቃድ ጠየቁት። ፈቀደላቸው፤ እነርሱም «አብረኸን ሂድ» ብለው ለመኑት። እኛ ሰባኪዎች በውኃው ላይ ስለ ተንሳፈፈው ብረት ብዙ ጊዜ እንናገራለን። የነገሩ መነሻ ግን የተማሪ ማደሪያ ጥበት ነበር። መጥረቢያውም የብድር ነበር፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

በሌላውም ዓለም የተማሪ ማደሪያ ደም ያፋሰሰ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1209 በእንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድ ከተማ አንዲት ሴት በተማሪ እጅ ተገደለች። ገዳዩ ሸሸ። የከተማው ሰዎች ግን ከእርሱ ጋር አንድ ቤት ተከራይተው የሚኖሩትን ጓደኞቹን ይዘው ሰቀሉ። መምህራንና ተማሪዎች ከተማዋን ለቀው ተበተኑ፤ ወደ ካምብሪጅ የሄዱት ለዚያ ዩኒቨርሲቲ መነሻ ሆኑ። በ1214 ዕርቅ ሲወርድ ከካሣው አንዱ የተማሪዎች የቤት ኪራይ ለ10 ዓመት በግማሽ እንዲቀነስ ነበር። ኋላም ኮሌጆቹ ተማሪውን ወደ ግቢያቸው ሰበሰቡት። ውጭ የሚያድርም ቢኖር ዩኒቨርሲቲው በፈቀደው ቤት ብቻ እንዲያድር፣ ማታም በተወሰነ ሰዓት እንዲገባ ደነገጉ። ተማሪውን ከከተማው ሊጠብቅ የታጠረው አጥር ተማሪውን ራሱን መቆጣጠሪያም ሆነ።

ወደ እኛ እንመለስ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ጀስዊት በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት አራት ኪሎ ሲከፈት፣ ተማሪው የመንግሥት እንግዳ ነበር ማለት ይቻላል። ትምህርቱ ነጻ፣ ምግቡ ነጻ፣ መኝታው ነጻ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በአካል እየመጡ ይጎበኙት ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ ለመጣ የደሃ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያለ ማደሪያው ኮሌጅ የሚባለውን ደጅ አይረግጥም ነበር። ስጦታው ግን የሚጠብቀው ምላሽ ነበረው፤ ምስጋናና ታማኝነት።

በታኅሣሥ 1953 የጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና የወንድማቸው የገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር፣ ያ በቤተ መንግሥት እጅ የተመገበ ተማሪ ለአድማው ድጋፍ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት በኮሌጅ ቀን በዓል ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አነበበ። የግጥሙ መድረክ የመንግሥት መተቻ ሆነ። በ1954 ንጉሠ ነገሥቱ ባለሥልጣናት የተረሸኑበትን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። የሚደንቀው ቀጥሎ የሆነው ነው። ቤተ መንግሥት በተሰጠው ማግስት፣ በ1955 የትምህርት ዘመን ተማሪው አልጋውን አጣ። ነጻ ማደሪያው ቀርቶ ለችግረኛው የወር ድጎማ ተተካለትና ከከተማው ሕዝብ ጋር ተከራይቶ እንዲኖር ሆነ። ተማሪ እየበዛ ሲሄድ ሁሉን በግቢ ማሳደር ውድ እንደሚሆን አይካድም። ተማሪው ግን ነገሩን እንደ ቅጣት ነበር የቆጠረው፤ እኔም ጊዜውን ስመለከት አልፈርድበትም። አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ተማሪ በአንድ ሌሊት ይመካከራል፤ በየሰፈሩ የተበተነ ግን ለመሰብሰብም ይቸገራል።

ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ። ነገር ግን ከግቢ የወጣው ተማሪ ጎረቤት አገኘ። የጭቃ ቤት ኪራይ፣ የቦኖ ውኃ ወረፋ፣ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች የዕለት ተዕለት ኑሮው ሆኑ። በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ ወጣ። በ1958 ደግሞ እዚሁ የካ ውስጥ፣ ሾላ፣ ለማኞች ታጉረው የሚኖሩበትን ካምፕ ጉድ አወጣና «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብሎ ሰልፍ ወጣ። ሁሉን ነገር በማደሪያው መዘጋት አላሳብብም። በ1957 የተጀመረው፣ ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር የሚልከው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም የራሱን ሥራ ሠርቷል። ሆኖም ተማሪውን በትኖ ያረጋጋል የተባለ ሰው ካለ ስሌቱ እንዳልሠራ ግልጽ ነው።

የእኛም አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የጴንጤቆስጤውን እንቅስቃሴ የተሸከሙት በአብዛኛው የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ሙሉ ወንጌል በ1959 ያቀረበው የምዝገባ ጥያቄ ሲከለከል አምልኮው በየመኖሪያ ቤቱ ቀጠለ። በ1964 በአዲስ አበባ ከ200 የሚበልጡ አማኞች ለጸሎት እንደ ተሰበሰቡ ታሰሩ። በግቢ ማደሪያ ውስጥ የማይፈቀድ ጸሎት በኪራይ ቤት ይቻላል፤ በኪራይ ቤት ግን የሚደብቅ አጥር የለም።

ከዓመታት በኋላ ማደሪያው ተመለሰ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም በየክልሉ ሲስፋፉ ዶርም የተለመደ ሆነ። የዛሬውን ደንብ የሚለየው ዋጋው መጻፉ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ሥራ ከያዘ በኋላ እንዲከፍል አዘዘ። የነቢያት ልጆች መጥረቢያ ትዝ ይበላችሁ። በካፌ የማይመገብ ተማሪ፣ እናንተ «ነን ካፌ» የምትሉት፣ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ይቀበላል፤ በእጁ የገባውም ቢሆን ዕዳ ነው። ስለዚህ ከግቢ የምትወጡ ከሆነ የፈረማችሁት ቅጽ ላይ መኝታና ምግብ እንዴት እንደ ተመዘገበ ሬጅስትራር ሄዳችሁ እዩ። የማትተኙበትን አልጋ ዕዳ አትሸከሙ።

ስለ ኪራዩ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1320 ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ቢጠይቃችሁ ይህን በትሕትና አስታውሱት፤ ውሉንም አብራችሁ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።