ወካይና ተወካይ፤ ከጤፍ ገበያ እስከ ፊልም

እስቲ ከአገሬ ልጀምር። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ ሲወርዱ መንገድ ላይ የምትገኝ የአቸፈር ከተማ ናት። አያቴ ከከተማዋ ወጣ ብላ ነው የምትኖር። ፊደል ስላልቆጠረች፣ እግሯም ስለደከመ፣ ለአጎቴ ጠቅላላ ውክልና ሰጥታዋለች፤ ጤፉን ይሸጣል፣ ግብሩን ይከፍላል፣ ያበደረችውን ይሰበስባል። አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ፊልም ሠሪዎች መጡና ደጃፏ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ቀረጿት። ፈቃድ ሲጠይቁ አጎቴ «ወኪሏ እኔ ነኝ» ብሎ ፈረመ፤ ጥቂት ብርም ተቀበለ። ከወራት በኋላ ፊልሙ ዱርቤቴ አንድ ሻይ ቤት ሲታይ የጎረቤት ልጅ ሮጦ ነገራት። ለካ በፊልሙ ውስጥ የገዛ ልጇን የረገመች ክፉ አሮጊት ተደርጋለች! አያቴ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «ጤፌን ሽጥልኝ አልኩት እንጂ ፊቴን ሽጥልኝ መች አልኩት?»

ውድ አንባቢ፣ ይህ የአያቴ ጥያቄ የቤተሰብ ብቻ አይደለም፤ የታሪክም ጥያቄ ነው።

በሌላ ሰው ስም መቆም ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዳኝነቱን የሚያየው ሹም «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር፤ የንጉሥ አፍ ማለት ነው። የሌላውን ክርክር ይዞ የሚሟገተው ነገረ ፈጅ ነበር። «እንደራሴ» የሚለውንም ቃል ልብ በሉት፤ «እንደ እኔ ራሴ» ማለት ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብሩን ዐዋጅ አልቀበልም ሲል፣ አቤቱታውን የሚያሰሙ መልእክተኞች ወደ አዲስ አበባ ልኮ ነበር። የተላኩት ሰዎች ግን የላካቸውን ሕዝብ ቃል ሊያደርሱ እንጂ የራሳቸውን ሊጨምሩ አልነበረም።

ይህን ልማድ በጽሑፍ ያሰረው በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ ከቁጥር 2199 ጀምሮ ስለ ውክልና ይናገራል። ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው የሚሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ይኸውም ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል የመሳሰለው ነው። ሰብል መሸጥም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ቤት ለመሸጥ፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ለመክሰስ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እንግዲህ አጎቴ ጤፉን ሲሸጥ ሕጉ ከእሱ ጋራ ነው። ፊቷን ሲሰጥስ? ያው ሕግ በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የታወቀ ሰው ሲሆን ወይም በአደባባይ የተደረገ ነገር ሲሆን የተለየ ነው፤ አያቴ ግን ደጃፏ ላይ ፈታይ እንጂ ሹም አይደለችም።

በኢትዮጵያ የፊልም ታሪክ ውስጥም ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ታየ። ቀጥሎ ኃይሌ ገሪማ ገበሬውን ራሱን ባለጉዳይ ያደረገውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ሠራ። የባለታሪክ ፈቃድ ነገር በግልጽ ፍርድ ቤት የደረሰው ግን በ«ድፍረት» ነው። ፊልሙ ስለ አንዲት በጠለፋ ስለተወሰደችና ጠላፊዋን ስለገደለች ልጅ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አግኝቷል፤ አንጀሊና ጆሊም ስሟን ሰጥታዋለች። በነሐሴ ወር አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ተመልካች ተሰብስቦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። ባለታሪኳ «የእኔን ሕይወት ያለ እኔ ፈቃድ» ብላ አቤት ብላ ነበር። እግዱ በኋላ ቢነሣም ጥያቄው አልተነሣም፦ ለብዙ ሴቶች መልካም ያስባል የተባለ ፊልም የአንዲቱን ሴት ቃል ሳይጠብቅ ስለ እሷ መናገር ይችላል ወይ?

አዎን፣ ያለ ውክልና ፊልም አይሠራም። ገንዘብ ያወጣው ሰው ውጭ አገር ሆኖ ተዋናይ የሚያስፈርምለት፣ ቦታ የሚከራይለት፣ ፊልሙን ለሲኒማ ቤት የሚያስረክብለት ወኪል ይፈልጋል። ችግሩ ወረቀቱ አይደለም፤ ወረቀቱ ከተባለው በላይ ሲለጠጥ ነው። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ፤ ያልተጠየቀች አሮጊት ማለት የተነቀነቀ አጥር ናት።

ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ሕጉን ለአጎቴ አነበብኩለት። አቀርቅሮ ሰማኝ፤ ቀጥሎ «እኔስ ብሩ ለእሷው ነው ብዬ ነው» አለ። እውነቱንም ነው፤ ብሩን በሙሉ ሰጥቷታል። አያቴ ግን ውክልናውን አልሻረችም፤ መሻር መብቷ እንደሆነ ብነግራትም። ወረቀቱ እንደ አዲስ ይጻፍልኝ አለች፤ ጤፍና ግብር ብቻ፣ በስም ተጠርተው።

ጓደኞቼ፣ ከእኛ መካከል ነገ ካሜራ ይዞ ወደ ገጠር የሚወርድ ይኖራል። ወኪሉን ከማስፈረማችን በፊት ደጃፉ ላይ የተቀመጠችውን እንጠይቃት። ምን ተብላ እንደምትታይም እንንገራት።