ቃኘውን ያሻገረችው መርከብ

ከባቢሌ እስከ ሐረር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የለውዝ ፌስታል ይዘን በሚኒባስ ስንመላለስ ስለ ባሕር የሚያወራ ሰው ገጥሞን አያውቅም። እኛን ከመርከብ ጋር ምን ያገናኘናል? ፈረስ ነዋ! ቃኘው የሐረሩ ገዥ የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። (ፈረስ ላይ ሆነው የሚታዩበት የሐረር ሐውልታቸው ሰኔ 2012 ዓ.ም. ፈርሷል።) ኮሪያ የዘመተው ሻለቃም በዚሁ ስም ተጠራ።

ዘማቾቹን ሁላችንም እናነሳለን፤ መርከባቸውን ግን እንረሳለን። እውነቱን ለመናገር እኛም ፊልም ላይ እንዳየነው ጥይት እየዘነበባቸው ከጀልባ ውኃ ውስጥ የዘለሉ ይመስለን ነበር። ነገሩ እንዲያ አይደለም።

በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደብ አልነበራትም፤ ኤርትራ ገና በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበረች። ስለዚህ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው የመጀመሪያው ቃኘው ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወረደና ሚያዝያ 8 ቀን «ጄኔራል ማክሬ» በተባለችው የአሜሪካ መርከብ ተሳፈረ። ማክሬ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካሊፎርኒያ የተሠራች የወታደር ማጓጓዣ ናት። የእሷ ዓይነት መርከቦች ከ3,000 በላይ ወታደር ይጭናሉ፤ ነገር ግን ወደብ ይፈልጋሉ። አሸዋው ድረስ ቀርበው አፋቸውን ከፍተው ታንክ የሚተፉት ሌሎቹ ናቸው።

የእነዚያን ሥራ ያየ ኢንቾን ነው። በዚያው ዓመት መስከረም 5 ቀን አሜሪካኖች ያረፉበት ይህ ወደብ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ 9 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሲጎድል የሚቀረው ጭቃ ብቻ ነው። በዚያ ምሽት ስንቅና ጥይት የጫኑት የማረፊያ መርከቦች ውኃው ሸሽቷቸው እስኪነጋ ጭቃው ላይ ተቀምጠው አድረዋል። አስቡት፣ መሸሻ የለ! ከሦስት ቀን በኋላ በኢንቾን በኩል የገባው 32ኛው ሬጅመንት ቃኘው በኋላ የተመደበበት ነው። ከባሕር ማረፍን የቀመሱት እንግዲህ የእኛዎቹ የጦር ጓዶች ናቸው።

ማክሬ ሃያ ቀን ያህል ተጉዛ ቡሳን ደረሰች። ቡሳን ደግሞ በ1942 ዓ.ም. ክረምት ደቡቦቹና አጋሮቻቸው በጭንቅ ይዘው ያቆዩት ወደብ ነው። ያኔ ተይዞ ቢሆን ማክሬ የት ትቆም ነበር? ቃኘዎች በመሰላል ወርደው መሬት ረገጡ፤ ተራራውና ጦርነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በየተራ ከዘመቱት 3,518 ሰዎች 121ዱ ሞተዋል።

ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ያው ጅቡቲ ነን።