ግዞተኛ

ጤፍ ከአውድማ ወደ ጎተራ ይጋዛል፤ ሰውም ተፈርዶበት ከአገሩ ይጋዛል። ግዞትና ግዞተኛ የተወለዱት ከዚሁ ግሥ ነው። እስረኛ ብንል ርቀቱ ይጠፋል፤ ስደተኛ ብንል ደግሞ ፍርዱ ይጠፋል። ስለዚህ የብሪታንያ መንግሥት ከ1791 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአየርላንድ በቀጥታ ወደ አውስትራሊያ በመርከብ ያጋዛቸውን ፍርደኞች ስንጠራ ከዚህ የተሻለ ቃል የለንም። ፍርዱ በአብዛኛው 7 ዓመት፣ 14 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ነበር። ዘመኑን የጨረሰ ነጻ ይወጣል፤ የመመለሻ መርከቡን ዋጋ ግን ራሱ ይከፍል ነበር። ድሃ ገበሬ ከየት አምጥቶ?

ዛሬ ከእነዚህ ግዞተኞች መካከል ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው መነሻው የመርከቡ ስም ዝርዝር ነው። ሲድኒ ላይ ጸሐፊው የሰውየውን ዕድሜ፣ ሙያ፣ የትውልድ አውራጃ፣ ቁመት፣ የዓይን ቀለም፣ አንዳንዴም ጠባሳውን ሳይቀር አስፍሯል። ፎቶግራፍ ባልነበረበት ዘመን የአንድ ድሃ መልክ በጽሑፍ መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው!

ደብሊን ላይ ፍለጋው ይከብዳል። በ1922 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት የአገሪቱ መዝገብ ቤት ሲቃጠል ከ1836 በፊት የነበሩት የግዞት መዝገቦች ወድመዋል። ብዙ የምሕረት አቤቱታዎች ግን ተርፈዋል። ከእነዚህ መካከል «ልጆቼን ይዤ ባሌን ልከተል» ብለው የለመኑ ሚስቶች ማመልከቻ ይገኛል። በፍርድ ወረቀት ላይ ያልተጻፈ የሚስትና የልጆች ስም የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።