«ተፈቅዷል» ሲባል ለማን ነው የተፈቀደው?

ሰሞኑን ኒው ዮርክ ያለ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ እዚህ ማሪዋና ተፈቅዷል፤ ግን ሰፈራችን ያለውን ሱቅ መጥተው አሸጉት። ከተፈቀደ ለምን ይታሸጋል?» አለኝ። ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ነውና ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ።

አንድ ነገር ተፈቀደ ማለት ማንም ይሽጠው ማለት አይደለም። አሜሪካኖች ይሄንን በመጠጥ አይተውታል። እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ አልኮል መሸጥ በሕገ መንግሥት ተከልክሎ ቆየና በዲሴምበር 1933 ክልከላው ተነሣ። በኖርዝ ካሮላይና ግን ግብር ሳይከፍሉ በድብቅ ውስኪ የሚያወጡ ገበሬዎች ሥራቸውን አልተዉም። ታዋቂው የመኪና ተወዳዳሪ ጁኒየር ጆንሰን በ1956 አባቱ ውስኪ ከሚያወጣበት ቦታ ተይዞ 11 ወር ታስሯል። ክልከላው ከተነሣ ከ20 ዓመት በኋላ እኮ ነው! ጥፋቱ ግብሩና ፈቃዱ እንጂ መጠጡ አልነበረም።

ወደ ኒው ዮርክ እንምጣ። በ1973 በገዥው ኔልሰን ሮክፌለር ዘመን የወጣው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ በአሜሪካ ከከባዶቹ አንዱ ነበር። በዋናነት ጥቁሮችና ላቲኖዎች ታሰሩበት። በማርች 2021 ማሪዋና ሲፈቀድ ሕጉ የድሮውን በደል ለመካስ አሰበ። የቀድሞ የፍርድ መዝገቦች እንዲሰረዙ ተደረገ፤ የመጀመሪያዎቹ የሱቅ ፈቃዶችም በማሪዋና ለተፈረደባቸው ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ቅድሚያ ሰጡ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሥራው ግን ተጓተተ። የመጀመሪያው ሕጋዊ ሱቅ የተከፈተው በዲሴምበር 2022 መጨረሻ ነው። በ2023 ደግሞ ፍርድ ቤት የፈቃድ አሰጣጡን ለወራት አገደው። በዚህ መሃል ፈቃድ የሌላቸው ሱቆች በየመንገዱ ፈሉ። ስቴቱ ዘግይቶ ነቃና በ2023 በቀን እስከ 20,000 ዶላር የሚደርስ ቅጣት ደነገገ። በ2024 ደግሞ ከተማዋ ሱቆቹን እንድታሽግ ሥልጣን ሰጣት፤ በጥቂት ወራት ከ1,000 በላይ ታሸጉ።

ታዲያ ልክ ነው? እኔ ሁለቱንም አያለሁ። ትናንት የታሰረበትን ነገር ዛሬ ፈቃድ አውጥቶ፣ ዕቃውን በላቦራቶሪ አስመርምሮ፣ ግብር ከፍሎ የሚሸጥ ሰው ከጎኑ ምንም የማይከፍል ሱቅ ሲከፈትበት በምን ይወዳደራል? ቅጣት ከሌለ ፈቃድ ተራ ወረቀት ነው። በሌላ በኩል መንግሥት በሩን በጊዜ ሳይከፍት ቆይቶ በመስኮት የገባውን ሲቀጣ የጥፋቱ ድርሻ የራሱም ነው።

አሁን ውጭ ላላችሁ ልጆቼ፣ ይሄንን ልብ በሉ። ስቴት የፈቀደውን የፌደራል ሕግ አልፈቀደም። ዜግነት ያላገኘ ሰው ፈቃድ ባለው የማሪዋና ሱቅ እንኳ ቢሠራ የዜግነት ማመልከቻው ሊወድቅበት እንደሚችል የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 አሳውቋል። በሽያጭ ከተፈረደበት ደግሞ ከአገር እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል።

ባለሱቁ ቅጣቱን ከፍሎ ሌላ ሱቅ ይከፍት ይሆናል። ካሸር ሆኖ የቆመው ልጅ ግን ያስያዘው ግሪን ካርዱን ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣላችሁ ስለ ደሞዙ ከመጠየቃችሁ በፊት ጠበቃ ጠይቁ። የሚመለከተው ሰው ካወቃችሁም አድርሱለት።